ለትምህርት ቤታቸው የዘመሩ ልጆች

አሜሪካን ለአራት ዓመታት ያመሳት የርስ በርስ ጦርነት አብቅቶ፥ አራት ሚሊዮን የሚያህሉ ጥቁሮች ከባርነት ቀንበር ከወጡ ገና ዓመት ሳይሞላ፥ እ.ኤ.አ. በ1866 በጥር ወር መጀመሪያ፥ በቴኔሲ ግዛት በናሽቪል ከተማ፥ የሰሜኑ ጦር ቁስለኞቹን ያስታምምበት በነበረ የእንጨት ሰፈር ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚህ ትረካ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል። ትምህርት ቤቱ በምሥረታው ብዙ በረዱት በጄኔራል ክሊንተን ፊስክ ስም ተጠራ፤ በ1867 ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የሚል ማዕርግ በሕግ ተሰጠው፤ ማዕርጉ ግን ሀብቱን እጅግ ቀድሞት ነበር። መሥራቾቹ የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ማኅበር ሰዎች ሲሆኑ፥ ደጁ እንደ ተከፈተ የሰባት ዓመት ሕፃንና የሰባ ዓመት ሽማግሌ ባንድነት ተቀምጠው ፊደል ይቈጥሩ ጀመር፤ በባርነቱ ዘመን ባሪያን ማንበብ ማስተማር በብዙ የደቡብ ግዛቶች በሕግ የተከለከለ ነበርና። መጽሐፍ መግዣ ሲጠፋ ተማሪዎቹ ከተተወው የባሪያ ገበያ የዛገውን የእጅ ሰንሰለትና የእግር ብረት ለቅመው በቁራጭ ብረት ዋጋ ሸጡት፤ በገንዘቡም መጽሐፍ ቅዱስና የፊደል መጽሐፍ ገዙበት። ስለዚህ ትምህርት ቤት ከተጻፈው ሁሉ፥ ወላጅ የታሰረበትን ብረት ልጅ ፊደል የለወጠበትን ይህን ነገር የሚያህል ልብ የሚነካ አላገኘሁም።

የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ ጆርጅ ኋይት ይባላል። በኒውዮርክ ግዛት ገጠር ከብረት ቀጥቃጭ አባት የተወለደ፥ በጦርነቱ ከሰሜኑ ወገን ተሰልፎ እንደ ጌቲስበርግ ያለውን ታላቅ ውጊያ ያየ፥ ቁመተ ረጅም፥ ደረቱ ግን በሕመም የተጎዳ ነጭ ሰው ነበር። የዜማን ሕግ ከሊቃውንት እግር ሥር ተቀምጦ አልተማረም፤ ይሁን እንጂ ድምፅን ከድምፅ ለይቶ የሚመዝን ጆሮ ተሰጥቶት ስለ ነበር፥ ከሒሳብ መዝገቡ በሚተርፈው ሰዓት ድምፀ መልካሞቹን ተማሪዎች እየሰበሰበ ያዘምራቸው ጀመር። ከተሰበሰቡት ልጆች አንዱም ሙያው ዘፈን ወይም መዝሙር አልነበረም፤ ቀን ይማራሉ፥ የትምህርት ክፍያቸውን ለመቻል ልብስ ይሰፋሉ፥ ያጥባሉ፥ በዕረፍት ወራትም ወደ ገጠር ወርደው ከእነርሱ ያነሰ የሚያውቀውን ያስተምራሉ፤ የሚዘምሩት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነበር።

ከእነዚህ መካከል የኋይት ቀኝ እጅ የሆነችው ኤላ ሼፐርድ ትባላለች። በ1851 በዚያው በናሽቪል በባርነት ተወለደች። እርሷ ራሷ በኋላ እንደ ተረከችው፥ እናቷ፥ አሳዳሪዋ እመቤት ሕፃኒቱን በገዛ እናቷ ላይ ወሬ አቀባይ ልታደርጋት ማሰቧን ባወቀች ጊዜ፥ ከዚህ ሞት ይሻለናል ብላ ልጇን ታቅፋ ወደ ከምበርላንድ ወንዝ ወረደች፤ አንዲት አሮጊት ባሪያ መንገድ ላይ አግኝታ፥ እግዚአብሔር በዚህች ልጅ ሥራ አለውና ተዪ ብላ መለሰቻት። አባቷ በትርፍ ጊዜው ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ መጀመሪያ ራሱን፥ ቀጥሎም ልጁን በ350 ዶላር ገዝቶ ነፃ አወጣ፤ ሚስቱን ግን እመቤቲቱ አልሸጥም አለች። በኋላም አባትየው ዕዳ ስለ በዛበት፥ አበዳሪዎች ልጄን እንደ ከብት ይወስዱብኛል ብሎ ፈርቶ ወደ ሲንሲናቲ ይዟት ሸሸ። እዚያ አንዲት ነጭ መምህርት ፒያኖ ልታስተምራት ፈቀደች፤ ውሉ ግን በሌሊት በጓሮ በር እንድትገባና ለማንም እንዳትናገር ነበር። በ1868 ስድስት ዶላር ብቻ ይዛ ወደ ፊስክ የመጣችው ይህች ልጅ፥ ቆይታ በዚያ ትምህርት ቤት ለማስተማር የተቀጠረች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች።

ኋይት ያስጠናቸው የነበረው በነጮች አብያተ ክርስቲያናትና በከተማ አዳራሾች የሚወደደውን የዘመኑን መዝሙር ነበር፤ ብራድበሪ በተባለ የመዝሙር ደራሲ የተደረሰውን የንግሥት አስቴርን ታሪክ በናሽቪል ሕዝብ ፊት አዚመው ተደንቆላቸዋል። ልጆቹ ግን ከዚህ ሌላ መምህራቸው ያላወቀው መዝገብ በልባቸው ነበራቸው፤ እርሱም ወላጆቻቸው በእርሻ ላይ ጎንበስ ብለው፥ በሌሊትም በዱር ተደብቀው ሲጸልዩ ያዜሙት የነበረው መዝሙር ነው። ይህን በሰው ፊት ማሰማት አይወዱም ነበር። አንድም የባርነትን ዘመን ስለሚያስታውስ ያሳፍራቸው ነበር፤ አንድም ለወላጆቻቸው የአምልኮ መዝሙር ስለ ነበረ ለጨዋታ ማውረዱን እንደ ድፍረት ቈጠሩት፤ በዚያ ላይ ነጮች ፊታቸውን በጥላሸት ቀብተው ጥቁሩን እያስመሰሉ የሚያላግጡበት ጨዋታ በመላ አሜሪካ ገኖ ስለ ነበር፥ እናቶቻችን ያለቀሱበትን መዝሙር ይዘን ብንቆም የሚስቁብን ይመስላቸው ነበር። ኤላ ሼፐርድ እንደ ጻፈችው፥ ቀስ በቀስ ግን ጥቂቶቹ ከቤት ተሰብስበው፥ ወንበር ስለማይበቃ መሬት ላይ ተቀምጠው፥ በለሆሳስ አንዱ ከአባቱ ቤት ያመጣውን ለሌላው እያቀበለ ያጠኑ ጀመር፤ ከዚያ ክፍል ይወጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ኋይት ግን ሰማ፤ ሰምቶም አልረሳውም።

በዚያው ዘመን አንድ ቀን ከጎረቤት ከተማ ዘምረው ሲመለሱ፥ ባቡር ሲጠብቁ በነበረበት ቦታ የሰከሩ ነጮች ከበቧቸው። ኋይት በልጆቹና በሰዎቹ መካከል ቆሞ ዘምሩ አላቸው፤ ልጆቹም የሚጸልዩ ያህል ዘመሩ። ከበው የነበሩት አንድ ባንድ እየተንሸራተቱ ሄዱ፤ በመጨረሻ የቀረው መሪያቸው ባርኔጣውን አውልቆ፥ ዕንባው እየወረደ፥ ያንኑ መዝሙር እንዲደግሙለት ለመናቸው። ኋይት ከዚህ በኋላ ስለ ልጆቹ ድምፅ ያሰበውን የሚያስጥለው ሰው አልነበረም።

በ1871 ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ተቃረበ። የጦር ሰፈሩ እንጨት በስብሶ፥ ነፋስ በየስንጥቁ እየገባ፥ ተማሪው በቂ ምግብና ልብስ አጥቶ፥ ዕዳው ሊከፈል ከሚችለው በልጦ ነበር። ኋይት ልጆቹን ይዤ ወደ ሰሜን ልውጣና በመዝሙር ገንዘብ ልለምን ቢል፥ ሚሲዮናውያኑ ማኅበር ነገሩን እንደ እብደት አይቶ አልደግፍም አለ፤ ከወላጆችም ልጃችን አይሄድም ያሉ ነበሩ። እርሱ ግን የራሱን ጥሪት፥ ከትምህርት ቤቱ ሣጥን ሊወጣ የሚችለውን ሳንቲምና ያገኘውን ብድር ሁሉ ሰብስቦ፥ በ1871 ጥቅምት 6 ቀን ከናሽቪል በባቡር ተነሣ። የመጀመሪያዎቹ እየተባሉ የሚታሰቡት ዘጠኙ እነሆ፦ ኤላ ሼፐርድ፥ ማጊ ፖርተር፥ ጄኒ ጃክሰን፥ ሚኒ ቴት፥ ኤላይዛ ዎከር፥ ቶማስ ራትሊንግ፥ ቤንጃሚን ሆልምስ፥ አይዛክ ዲከርሰን፥ ግሪን ኤቫንስ። አብዛኞቹ በባርነት የተወለዱ፥ የቤተሰብ መለያየትን በዐይናቸው ያዩ ናቸው። ሆልምስ በልጅነቱ የሱቅ ጽሑፍ እያየ ማንበብን በስውር የተማረ ሲሆን፥ በቻርልስተን በባሪያ ነጋዴ እስር ቤት ሳለ፥ ፕሬዚዳንት ሊንከን የነፃነት ዐዋጅ ማወጃቸውን የሚናገር ጋዜጣ እጁ ገብቶ አብረውት ለታሰሩት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበበላቸው ልጅ ነው።

መንገዱ መራር ነበር። ከናሽቪል በወጡ በሁለተኛው ቀን የቺካጎ ከተማ በእሳት መቃጠል ጀመረች፤ እነርሱም በኦሃዮ ግዛት በቺሊኮቲ ዘምረው ያገኙትን 50 ዶላር የማይሞላ ገንዘብ፥ የራሳቸው ዕዳ ሳይከፈል፥ ለቃጠሎው ተጎጂዎች ሰጡ። በዚያችው ከተማ ሆቴሎች አናሳድርም ብለው መለሷቸው፤ በመጨረሻ አንዱ ባለ ሆቴል የገዛ መኝታ ቤቱን ለቀቀላቸው፥ ነገር ግን ሌላው እንግዳ ከመነሣቱ በፊት ቁርሳቸውን በልተው እንዲጨርሱ አዘዘ። ብርድ የሚችል ልብስ አልነበራቸውም፤ የሚሰበሰበው ገንዘብም ለባቡርና ለማደሪያ አይበቃም ነበር። አዳራሽ የገባውም ሕዝብ በጥላሸት የተቀቡትን አላጋጮች ጠብቆ ሲመጣ፥ ልብሳቸውን በጨዋ ደንብ የለበሱ፥ ዝም ብለው ቆመው የሚዘምሩ ወጣቶች አግኝቶ ግራ ይጋባ ነበር። ስም እንኳ አልነበራቸውም፤ በኮለምበስ ከተማ ኋይት ሌሊቱን በጸሎት ካደረ በኋላ፥ በዘሌዋውያን መጽሐፍ በምዕራፍ 25 ባሪያ ወደ ርስቱና ወደ ወገኑ በነፃ የሚመለስበት ተብሎ በተጻፈው በኢዮቤልዩ ዓመት ስም፥ ጁቢሊ መዘምራን ተባሉ አላቸው።

ኅዳር 15 ቀን በኦሃዮ በኦበርሊን ከተማ የኮንግሪጌሽናል አብያተ ክርስቲያናት ብሔራዊ ጉባኤ ተሰብስቦ ነበር። ልጆቹ እንዲዘምሩ ተፈቀደላቸው፤ ልዑካኑ ግን በመካከሉ በተሰጠው ዕረፍት ከወዲያና ወዲህ ቆመው እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ ስለ ነበር ልብ ያላቸው የለም። በዚህ ጊዜ እነዚያ ወጣቶች፥ መሬት ላይ ተቀምጠው ከተማሯቸው የአባቶቻቸው መዝሙሮች አንዱን፥ ትንፋሽ እስኪመስል አድርገው ጀመሩ። ኋይት ያሠለጠናቸው በዚህ ነበር፤ ድምፁ ሳይቋረጥ ዝቅ እንዲል፥ ዘጠኝ አፍ አንድ ጉሮሮ እስኪመስል የራስን ድምፅ በጓደኛ ድምፅ ውስጥ እንዲያጠፉት፥ ለመጮኽ ሳይሆን ለመሰማት እንዲዘምሩ። ንግግሩ ቀስ እያለ ሞተ፤ የቆሙት ተቀመጡ፤ ከልዑካኑም ብዙዎች ያለቅሱ ጀመር። በጉባኤው ከነበሩት አያሌዎቹ የትላልቅ አጥቢያዎች አገልጋዮች ስለ ነበሩ፥ የመዘምራኑ ስም ከኦበርሊን ወጥቶ ወደ ምሥራቁ ከተሞች ከእነርሱ ቀድሞ ደረሰ። እስከዚያ ቀን ድረስ የነጮቹ መዝሙር ዋና፥ የባሮቹ መዝሙር ግን ለመጨረሻ የሚጨመር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሥርዐቱ ተገለበጠ፥ የወላጆቻቸው መዝሙር ዋናው ሆነ።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር፥ በብሩክሊን ታላቁ ሰባኪ ሄንሪ ዋርድ ቢቸር በቤተ ክርስቲያናቸው ተቀብለው አስዘመሯቸው፤ ምእመናናቸውንም ኪሳችሁን ፍቱ ብለው መከሩ። አንዳንድ ጋዜጣ በሰባኪውም በልጆቹም ላይ አላገጠ፤ ልግጫው ግን ሰው ይበልጥ እንዲመጣ አደረገ እንጂ አልጎዳቸውም። በ1872 በዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ግራንት በቤተ መንግሥታቸው ተቀበሏቸው። ወደ ናሽቪል የተመለሱት 20,000 ዶላር ይዘው ነበር፤ ዕዳው ተከፈለ፤ በጦርነቱ ጊዜ ምሽግ የነበረ ኮረብታም ለአዲሱ ሕንጻ ተገዛ። በዚያው ዓመት በቦስተን በተደረገው የዓለም የሰላም በዓል፥ ብዙ ዐሥር ሺሕ ሕዝብ በተሰበሰበበት፥ አንድ የታወቀ የጦርነቱን ዘመን መዝሙር የጀመሩት ሌሎች ዘማርያን ዜማው እጅግ ከፍ ብሎባቸው ሲሰናከሉ፥ ኋይት አስቀድሞ በከፍተኛው ድምፅ አለማምዷቸው ስለ ነበር፥ የፊስክ ልጆች ተቀብለው አነሡት። ያ ሁሉ ሕዝብ ከመቀመጫው ተነሥቶ ባርኔጣና መሐረብ እያውለበለበ በእልልታ ተቀበላቸው። በዚሁ ዓመት ቴዎዶር ሴዋርድ የተባለ የሙዚቃ ሰው መዝሙሮቹን ከአፋቸው እየሰማ በኖታ ጽፎ አሳተማቸው፤ ለብዙዎቹ መዝሙሮች መጥፋትና አለመጥፋት የተቈረጠው በዚህች ትንሽ መጽሐፍ ይመስለኛል።

በ1873 በሚያዝያ ወር ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ፤ ጥቁር አንጭንም ያሉ የመርከብ ኩባንያዎች ስለ ነበሩ መሳፈሪያ ማግኘቱ ራሱ ትግል ነበር። በለንደን የድኾች ጠበቃ የነበሩት የሻፍትስበሪው ሎርድ ጠባቂ ሆነው፥ በግንቦት 6 ቀን መኳንንቱንና ካህናቱን ጠርተው አሰሟቸው። በማግሥቱ የአርጋይል መስፍንና ባለቤታቸው ወደ ቤታቸው ጋበዟቸው፤ እዚያም ንግሥት ቪክቶሪያ ራሳቸው መጥተው ሰሟቸው። የኢትዮጵያ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስታውሳል፤ የመቅደላው ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በዚያው ዓመት በዚያው በእንግሊዝ አገር፥ በዚያችው ንግሥት አሳቢነት፥ አባትና እናት የሌለው የ12 ዓመት ተማሪ ነበር። የባሪያ ልጆች በፈቃዳቸው ባሕር ተሻግረው በንግሥቲቱ ፊት ሲዘምሩ፥ የንጉሥ ልጅ ሳይወድ ተሻግሮ በስደት ይኖር እንደ ነበር ማሰብ ለእኛ ቀላል አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት ሁሉ ክብር ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስቶን በቤታቸው ማዕድ አቀረቡላቸው፤ በሰባኪው በስፐርጅን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ዘመሩ፤ በስኮትላንድ ሙዲ የተባለው ወንጌላዊ ሕዝቡን ሲሰብክ እነርሱ እየዘመሩ ረዱት። በአሜሪካ በሆቴል ደጅ የተመለሱ ልጆች በእንግሊዝ ከመኳንንት ጋር በአንድ ገበታ ተቀመጡ፤ ይህም በነፍሳቸው ላይ ያሳደረው ነገር ቀላል እንዳልነበር በኋላ ታይቷል፤ የሰውን ክብር አንድ ጊዜ የቀመሰ ወደ ጓሮ በር ሊመለስ አይወድምና። በ1874 ወደ አገራቸው ሲመለሱ 50,000 ዶላር ያህል አምጥተዋል። በ1873 ጥቅምት 1 ቀን የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ባለ ስድስት ደርቡ ጁቢሊ አዳራሽ በ1876 በጥር 1 ቀን ተመረቀ፤ በደቡቡ አገር ለጥቁሮች ከፍተኛ ትምህርት ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው ቋሚ ሕንጻ ነው።

ከዚህ ክብር በስተኋላ ያለውን ነገር ግን አሳንሶ ማለፍ ለታሪኩ ታማኝ አለመሆን ነው። በየቀኑ ማለት ይቻላል አንድ ከተማ ይለቁና ወደ ሌላው ይገባሉ፤ ቀን በየትምህርት ቤቱና በየሕሙማን ቤቱ፥ ማታ በአዳራሽ ይዘምራሉ፤ በእንግሊዝ ጭጋግና እርጥበት ሳንባቸው ይቈስላል። በ1874 በየካቲት ወር የኋይት ሚስት በግላስጎ ታማ ሞተች፤ እርሱም ከሳንባው ደም እየተፋ ልጆቹን ይመራ ነበር። በእስር ቤት ዐዋጁን ያነበበው ቤንጃሚን ሆልምስ በሳንባ ነቀርሳ ተይዞ ከጉዞው ወጣ፤ በ1875 ሞተ። ኤላ ሼፐርድ ብዙ ጊዜ ታመመች፤ ሆኖም ልምምዱ፥ ፒያኖው፥ የአዳዲሶቹም ሥልጠና ሁሉ በእርሷ ላይ ነበር። ድምፁ የደከመ በሌላ ይተካ ነበር፤ ጉዞው ግን አልቆመም፤ ትምህርት ቤቱ እያደገ ሲሄድ ፍላጎቱም አብሮ አደገ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ይህ ነው። እነዚህ ልጆች ወደ ናሽቪል የመጡት ለመማር ነበር። ለጥቂት ወራት ተብሎ የተጀመረው መንገድ ለሰባት ዓመት ሲረዝም፥ መጽሐፋቸው ታጥፎ ቀረ። በመጀመሪያ ከወጡት ዘጠኙ አንዱም ትምህርቱን በፊስክ ፈጽሞ አልተመረቀም። በ1875 ዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያዎቹን የኮሌጅ ምሩቃን ሲያወጣ፥ ከምሩቃኑ አንዷ የነበረችው አሜሪካ ሮቢንሰን በኋላ ከመዘምራኑ ጋር የተጨመረች ናት፤ ዲግሪዋም የተሰጣት እርሷ ባልተገኘችበት ነበር። ሌሎቹ በድምፃቸው ባቆሙት ሕንጻ ውስጥ ሌላው ተቀምጦ ተማረበት።

በ1875 እንደገና ወደ አውሮፓ ተሻገሩ። አሁን ከመካከላቸው ፍሬድሪክ ሎዲን የሚባል የኦሃዮ ሰው ነበረ፤ በነፃነት የተወለደ፥ በዕድሜም ከሌሎቹ የበሰለ፥ ባለ ወፍራም ድምፅ፥ ለመዘምራኑ መብት በግልጽ የሚናገር። ሁለተኛው ጉዞ ከፊተኛው ይበልጥ ከባድ ነበር፤ ምክንያቱም ስማቸውን የሰረቁ፥ ጁቢሊ ነን የሚሉ ሌሎች ቡድኖች በየከተማው ፈልተው ገበያውን ተሻሙባቸው፤ የሚሰበሰበውም ከወጪው ብዙ የማይተርፍበት ጊዜ መጣ። ከእንግሊዝ ወደ ኔዘርላንድ፥ በ1877 መጨረሻም ወደ ጀርመን ሄዱ። በፖትስዳም በንጉሠ ነገሥቱ ቤተ ሰብ ፊት ዘመሩ፤ የባክና የቤትሆቨን አገር ተቺዎችም፥ እነዚያን በለሆሳስ የሚጀምሩትን ድምፆች መርምረው ጥበባቸውን መሰከሩላቸው።

ይሁን እንጂ ውስጡ ተሰነጣጥቆ ነበር። በወጣትነታቸው የኋይትን ቃል እንደ አባት ቃል ይሰሙ የነበሩት አሁን የበሰሉ ሰዎች ሆነዋል፤ ነገሥታትን ያዩ፥ ዋጋቸውን ያወቁ፥ ዕረፍትና ተገቢ ደመወዝ የሚጠይቁ። ኋይትም በሕመምና በኀዘን ተጎድቶ ጠንካራነቱ ወደ ቍጣ ያደላ ነበር። ከመዘምራኑም መካከል ማን ብቻውን ይዘምር፥ ማን ይቅደም የሚል ቅናት ገብቷል፤ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆኖ አብሯቸው በሚጓዘው በኤራስተስ ክራቫትና በኋይት መካከልም ስምምነት ጠፋ፤ ኋይት ከአመራሩ ለቀቀ። በ1878 በሐምሌ ወር በሐምቡርግ ከተማ የመዘምራኑ ማኅበር ተበተነ። በሰባት ዓመት ውስጥ ለትምህርት ቤታቸው ያስገቡት ገንዘብ ወደ 150,000 ዶላር ይጠጋል።

ዩኒቨርሲቲውና ሚሲዮናውያኑ ከዚያ በኋላ ጉዞውን ሊቀጥሉ አልፈለጉም። በ1879 ኋይትና ኤላ ሼፐርድ በራሳቸው ኃላፊነት አዲስ ቡድን አቋቁመው በአሜሪካ ዞሩ፤ አሁን ግን ከመዝሙሩ ጋር የጥቁሮችን የዜግነት መብት ጉዳይ ይናገሩ ነበር። በ1880 የሊንከን መቃብር ባለባት በስፕሪንግፊልድ ከተማ አንድም ሆቴል አላሳድርም አላቸው። ባሪያዎችን ነፃ ያወጡት ሰው ባረፉበት ከተማ ማደሪያ ማጣታቸውን ሳነብ፥ ከ1871ቱ የቺሊኮቲ ሌሊት ወዲህ አገሪቱ ምን ያህል ጥቂት እንደ ተራመደች ይታየኛል። ይህም ቡድን ብዙ አልቆየም። ሎዲን በ1882 የራሱን ጓድ ይዞ ተነሣ፤ ከ1884 እስከ 1890 ድረስ እንግሊዝን፥ አውስትራሊያን፥ ኒውዚላንድን፥ ሕንድንና ጃፓንን አዳረሰ፤ ይህ ግን ሙያው መዝሙር የሆነ የንግድ ጓድ እንጂ ለትምህርት ቤቱ የሚለምን የተማሪዎች ማኅበር አልነበረም።

የቀሩትም በየአቅጣጫው ተበተኑ። አይዛክ ዲከርሰን በኤዲንበርግ ተምሮ በእንግሊዝ አገር ወንጌል ሲሰብክ ኖሮ እዚያው ሞተ፤ ቶማስ ራትሊንግም ከእንግሊዝ አልተመለሰም። ጆርጅ ኋይት በ1895፥ ሎዲን በ1904 ዐረፉ። ኤላ ሼፐርድ ባርነት የለያትን እናቷን ፈልጋ አግኝታ፥ በናሽቪል ቤት ሠርታ አብራት አኖረች፤ ጆርጅ ሙር የተባለውን ሰባኪ በ1882 አግብታ፥ ስታገለግል ኖራ በ1914 ሞተች። ፊስክ ራሱ መዘምራኑን እንደገና ያቋቋማቸው በ1899 በመምህር ጆን ወርክ አማካይነት ነው፤ በ1909 ድምፃቸው በሸክላ ተቀረጸ፤ ማኅበሩም እስከ ዛሬ አለ።

በእኔ ፍርድ የፊተኛው ማኅበር የወደቀው ድምፅ ስለ ጎደለው ወይም ሕዝብ ስለ ሰለቸው አይደለም፤ በሰው ጉልበትና በወጣትነት ላይ ከሚገባው በላይ ስለ ተጫኑበት ነው። ዓላማው ቅዱስ መሆኑ ሸክሙን አላቀለለውም፤ እንዲያውም፥ ለተቀደሰ ነገር ነው ስለ ተባለ፥ ደከመን ለማለት አፈሩ። የእነርሱን መዝሙር በራዲዮ ወይም በሸክላ የሚሰማ ሁሉ፥ በሆቴል ደጅ የቆሙትን የዘጠኙን ስም አብሮ እንዲያውቅ እወዳለሁ፤ ከላይ በሙሉ የጻፍኋቸውም ስለዚህ ነው። ከዘጠኙ የመጨረሻዋ ማጊ ፖርተር እስከ 1942 ኖራለች።